የኔፓል ጥቀርሻ፦ በሩን ማን ይዝጋው?

እንዴት ናችሁ! ዛሬ ኔፓል ነን። ኤቨረስትን ላሳያችሁ አይደለም፣ እሱን ሁሉም አሳይቷችኋል። ዛሬ ወሬያችን ጡብ ነው። አዎ፣ ጡብ።

ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፦ «ጥቀርሻ አየር ላይ የሚቆየው ቢበዛ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ከሆነ ምን ያስጨንቀናል?»

እሺ፣ እንግዳ አስቡ። አንደኛው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ፍራሹን ተሸክሞ መጥቶ ጥጉን ይይዛል። አይጮህም፣ ግን አይሄድም። የልጅ ልጆቻችሁም ያገኙታል። ሁለተኛው፣ ጥቀርሻ፣ ረፋድ ላይ ይገባል፣ ብርጭቆ ይሰብራል፣ ሕፃን ያስለቅሳል፣ ከጎረቤት ያጣላችኋል፣ ማታ ውልቅ ይላል። ተገላገልን? የት አባቱ! ጠዋት ወንድሙ በር ያንኳኳል። በማግስቱ የአክስቱ ልጅ። በሩን፣ ማለትም የጭሱን ምንጭ፣ ብትዘጉ ግን ቤቱ በዚያው ሰሞን ጸጥ ይላል። ባለ ፍራሹ ያው ውስጥ ነው፣ እሱን አንርሳው።

ወደ ጡቡ። ካትማንዱ በተራራ የታጠረ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ በብርዱ ወራት ጭሱ መውጫ ያጣል። ጡብ የሚተኮሰውም ያኔ ነው። ጥቀርሻው ሂማሊያ ደርሶ በረዶው ላይ ሲያርፍ በረዶው ይጠቁራል፣ ሙቀት ይስባል፣ ቶሎ ይቀልጣል። ይሄን ታውቁታላችሁ፣ እንለፈው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የመሬት መንቀጥቀጡ ብዙ የጡብ ምድጃዎችን አፈረሰ። ከምድጃዎቹ ብዙዎቹ መልሰው ሲሠሩ ግን በዚግዛግ ሆነ፤ እዚያው ያለው የተራሮች ልማት ማዕከል ኢሲሞድም በንድፉ አግዟል። ጡቡ ሲደረደር አየሩ እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ከሰሉ ከአየር ጋር በደንብ ይገናኛል፣ ነዶ ያልቃል። ጥቀርሻ በደንብ ያልነደደ ነዳጅ ነው፣ በቃ። ከሰልም ይቆጥባል። ስለ አየር ንብረት ስብከት ሳይሰማ ሒሳቡን አይቶ የሚቀየር ነጋዴ ይመቸኛል!

መንገዱም ላይ ሥራ አለ። ካትማንዱ ባለ ሦስት እግር የናፍጣ ታክሲዎችን እ.ኤ.አ. በ1999 አገደች፣ በባትሪ የሚሄዱት ሳፋ ቴምፖዎች ቀድመው ገብተው ነበር። ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚመነጭ ነገሩ ያዋጣል።

ከባዱ ማዕድ ቤት ነው። በ2021 ቆጠራ ከቤተሰቡ ግማሽ ያህሉ ገና በእንጨት ያበስል ነበር። ከእበት ጋዝ የማውጣቱ ሥራ ከ1992 ጀምሮ በሰፊው ተሄዶበታል፣ እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ ከሚቴን ጋር አመጣዋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ጥያቄ ጻፉ፣ የሚሰድበኝም ይጻፍ፣ አነበዋለሁ።