ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም፦ የኢንቨስትመንት ባለሙያ ውሎ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ኢንቨስትመንት ባለሙያ ውሎ ነው። ፊርማውንና ጭብጨባውን ትተን፣ ከጠዋት እስከ ማታ መሀል መሀል ላይ የሚገቡትን ትንንሽ ነገሮች እናያለን። ሥራው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ስታዲየም የሚሄድ ሰው የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶችን ተደርድረው ያገኛቸዋል። ብሔራዊ ባንክም እዚያው አካባቢ ነው። በዚህ ሰፈር የሚሠራ የኢንቨስትመንት ባለሙያ ግማሽ ቀኑ ንባብ፣ ግማሹ ደግሞ ሰላምታ ነው። ሰላምታ ስል ከሰው ጋር ተቀምጦ ማውራትን ማለቴ ነው። ቁጥሩ በወረቀት ይመጣል፣ ያውም ዘግይቶ። የቁጥሩን ምክንያት የሚነግርህ ግን ሰው ነው። ችግሩ ሁለቱ እርስ በርስ ጊዜ መሻማታቸው ነው። በጥድፊያ የተነበበ ሪፖርት ያሳስታል፤ በጥድፊያ የተሰጠ ሰላምታ ደግሞ በር ይዘጋል።

ስለዚህ ንባቡ ስልክ ሳይጀምር ይጠናቀቅ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ለዚህ ይመቻል። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ሰዓት የራስህ አይደለም፣ የደዋዩ ነው።

ሲነበብ ከየት ይጀመራል? ብዙ ሰው የሊቀመንበሩን መልእክት አንብቦ፣ የትርፉን ቁጥር አይቶ ይዘጋል። እኔ የምመክረው የተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ የኦዲተሩ አስተያየት ይነበብ። አስተያየቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነው ወይስ «ከዚህ በስተቀር» የሚል አለበት? ቀጥሎ ከሒሳብ መግለጫው በስተጀርባ ወዳሉት ማብራሪያዎች ይኬዳል። ከእነዚህም ቅድሚያ የሚሰጠው ከተዛማጅ ወገኖች ጋር የተደረጉ ግብይቶችን ለሚያሳየው ነው፦ ለዳይሬክተሮች፣ ለትልልቅ ባለአክሲዮኖች፣ ለእነሱ ኩባንያዎች የተሰጠ ብድር ስንት ነው? ከዚያ ወደፊት ሊከሰቱ የሚችሉ ዕዳዎች፣ ማለትም ዋስትናዎችና ፍርድ ቤት ያሉ ክርክሮች ይታያሉ። ከዚያ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ። የትርፍና ኪሳራው ገጽ በመጨረሻ ይምጣ፤ መጀመሪያ ከታየ ዓይን እሱ ላይ ይቀርና የቀረው ሁሉ እሱን ለመደገፍ ይነበባል።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ እንሥራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ባንክ «የአንድ አክሲዮን ትርፍ 30 በመቶ ደረሰ» ብሎ ያስነግራል። የአክሲዮኑ የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር ከሆነ ትርፉ 300 ብር ነው ማለት ነው። ግን ባንክ በሕግ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶውን ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ያስገባል፣ መጠባበቂያው ከካፒታሉ ጋር እስኪተካከል ድረስ። 75 ብር ሄደ፣ 225 ቀረ። ቀሪው በሙሉ ይከፋፈል ቢባል እንኳ በትርፍ ድርሻ ላይ ግብር አለ፤ 10 በመቶ ነው ብንል 22 ብር ከ50 ይቀነሳል። እጅ ላይ የሚገባው 202 ብር ከ50 ነው። አሁን ይህን አክሲዮን ሰውየው ከሌላ ሰው ላይ በ1,500 ብር ገዝቶት ከሆነ፣ ገንዘቡ ያስገኘለት 30 በመቶ ሳይሆን 13 ተኩል በመቶ ነው። ጉባኤው «ትርፉ ካፒታል ለማሳደግ ይዋል» ብሎ ከወሰነ ደግሞ በዚያ ዓመት በጥሬው የሚመጣ ነገር የለም፣ የሚጨመረው አክሲዮን ነው። በዓመቱ አጋማሽ የተከፈለበት አዲስ አክሲዮንም የሚያገኘው ለቆየበት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ይህን ስሌት በእርሳስ፣ በሪፖርቱ ጠርዝ ላይ መሥራት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ሌላው የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ነው። ይህን ዓመት ከቀድሞው ጋር እንዲሁ አስተያይቶ ማለፍ አደገኛ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ የ2017 በጀት ዓመት ከተጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በአንድ ቀን ወደ 74 ዘለለ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከ130 በላይ ሆነ። የተጣራ 10 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ያደረ ባንክ በዚያች አንዲት ቀን ብቻ 170 ሚሊዮን ብር ያህል ትርፍ ይመዘግባል፤ ምንም ሳይሸጥ፣ ምንም ሳያበድር። በዶላር ዕዳ ያለበት አስመጪ ወይም ፋብሪካ ደግሞ በዚያው ልክ ይከስራል። እና መፍትሔው ቀላል ነው፦ «የውጭ ምንዛሪ ልዩነት» የሚለውን መስመር ፈልጎ ከትርፉ ላይ ማንሳት፣ የቀረውን ካለፈው ዓመት ጋር ማስተያየት። የሥራው ጉልበት የሚታየው ያኔ ነው። ይህን ሳያደርጉ «እድገቱ በእጥፍ ነው» የሚሉ ተንታኞችን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ፣ ምክንያቱም የሚሰማቸው ሰው የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ ይዞ ሊገዛ ይችላል።

እሺ፣ ወደ ቀን ቆጠራ ልሂድ። በዚህ ከተማ የምንሠራ ሰዎች በሁለት ካላንደርና በሁለት ሰዓት አቆጣጠር ነው የምንኖረው፣ ስህተቱም የሚገባው በዚሁ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 7። ሒሳባቸውን በጁን 30 የሚዘጉም አሉ። በሁለቱ መካከል ሰባት ቀን አለ፣ የምንዛሪ ዋጋው ደግሞ የየቀኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ሪፖርት ጎን ለጎን ሲቀመጥ የመዝጊያው ቀን መጀመሪያ ይታይ።

የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ሰነድ ላይ ደግሞ በወር አትቁጠሩ። ሰነዶቹ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ናቸው። ሁሉም ለሰባት ይካፈላሉ፤ ረቡዕ የተጀመረው ረቡዕ ይደርሳል፣ ሐሙስ የተጀመረው ሐሙስ። መጠንቀቅ ያለብን በዓል ላይ እንዳይወድቅ ነው። «91 ቀን ያው ሦስት ወር ነው» የሚል ሰው መስከረም 10 ገዝቶ ታኅሣሥ 10 ላይ ለአንድ ሰው እከፍላለሁ ብሎ ቃል ይገባል፤ ገንዘቡ የሚደርሰው ግን ታኅሣሥ 11 ነው። ጳጉሜን መሀል ከገባች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ነሐሴ 1 የተጀመረ የ91 ቀን ሰነድ ጥቅምት 27 ይደርሳል፤ ኅዳር 1ን የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡ አራት ቀን ሥራ ፈትቶ ይተኛበታል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ጥቅምት 26 ይሆናል። የዋጋው ስሌትም በቀን ነው፦ ዓመታዊ ወለዱ 16 በመቶ ቢሆንና በ365 ቀን ቢሰላ፣ በ91ኛው ቀን 1 ሚሊዮን ብር ለሚያስገኝ ሰነድ ዛሬ የሚከፈለው 961,640 ብር ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ አጭር ነገር፦ ከውጭ ሰው ጋር ቀጠሮ ስትይዙ የአገራችንን ሰዓት ብቻ አትጻፉ፣ «9 ሰዓት» ብቻ ብትሉ የውጭው ሰው በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የለንደኑ በበጋቸው 2 ሰዓት፣ በክረምታቸው 3 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ፣ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ቋሚ ስብሰባ ሁሉ ይፋለሳል።

አሁን ወደ ሰላምታው። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት በመኪና ከመሄድ በእግር መሄድ ይሻላል። ከሜክሲኮ ስታዲየም ደህና ተራማጅ 20 ደቂቃ ቢፈጅበት ነው፤ መንገድ በተጨናነቀ ሰዓት መኪናው ከዚያ በላይ ይቆማል። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ በሰፋባቸው ጎዳናዎች ላይማ ለማሰብም ይመቻል። ከዚያ ማኪያቶ ይታዘዛል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሰፈር ናቸው፤ እነሱን ለመዝለል የሚሞክር ሰው «እንዴት ነው ሥራ?» ሲል የሚያገኘው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው። ጥያቄው ሲመጣም ጠባብ ይሁን። «ገበያው እንዴት ነው?» ከማለት «ደንበኞቻችሁ ዕቃ ወስደው ስንት ቀን ቆይተው ነው የሚከፍሉት? አምና ስንት ነበር?» ማለት ይሻላል። ፋብሪካ ጉብኝት ላይም እንዲሁ። ጄኔሬተሩ ላይ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር መለኪያ አለ፤ የወሩን ሰዓት ይዞ በሰዓት በሚጠጣው ሊትር ማባዛት ነው። 60 ሰዓት ሠርቶ በሰዓት 30 ሊትር ከጠጣ 1,800 ሊትር ነው። የነዳጅ ወጪው ከዚህ በጣም ከራቀ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

የተወራው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይጻፍ። ገጹን ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ በኩል ሰውየው ያለው፣ በሌላው በኩል ከዚያ ተነስተን የገመትነው። ካልተለየ፣ ከሳምንት በኋላ ግምቱ የሰውየው ቃል ሆኖ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

አሁን ልቤ ውስጥ ወዳለው ጉዳይ ልግባ። አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ናት፣ የፋይናንስ ሰፈሩ ግን ትንሽ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። ንፍሮ ይዞራል፣ አጠገባችሁ ያሉት የአንድ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዘንድሮ ትርፋችን ጉድ ነው፣ ገና አልወጣም እንጂ» ይላሉ። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ከተከፈተና ወጋገን ባንክ ቀድሞ ከተመዘገበ ወዲህ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። አክሲዮኑ በገበያው የተመዘገበ ከሆነ የውስጥ መረጃ ነው፤ በእሱ ተመሥርቶ መገበያየትን የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ይከለክላል።

ምን ይደረግ? ታላቅን ማቋረጥ ለእኛ ከባድ ነው፣ እውነት ነው። ግን በአክብሮት ይቻላል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሪፖርቱ ሲወጣ ባነበው ይሻለኛል፤ በእኔ ሥራ መስማትም ያስጠይቃል» ይባላል። አብዛኞቹ ይገባቸዋል፣ እንዲያውም ያከብሩሃል። ከዚያ ከድንኳኑ ስትወጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ጽፈህ፣ በማግሥቱ ጠዋት ለመሥሪያ ቤትህ የሕግ ተገዢነት ክፍል ታሳውቃለህ። መረጃው ለሕዝብ እስኪወጣ በዚያ አክሲዮን ላይ አትገዛም፣ አትሸጥም፣ ለማንም አትመክርም። «ይቺን ነገር ተዋት» ብሎ ለወንድም ሹክ ማለትም ያው ነው። ድንበሩ ለሚያደናግራችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ነገር ነገ በሬዲዮ ቢነገር ዋጋው ይንቀሳቀሳል? አሁን ሕዝብ ያውቀዋል? ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «አይ» ካላችሁ አፋችሁንም እጃችሁንም ሰብስቡ። የሲሚንቶ ነጋዴ «ዘንድሮ ግንባታ ቀዝቅዟል» ቢል ግን አጠቃላይ የገበያ ወሬ ነው፤ ከአሥር እንዲህ ያለ ወሬ የራስን ግምት መሥራት የሥራው ሙያ ነው።

ምሳ ላይ ብዙ አልቆይም። ረቡዕና ዓርብ ጿሚ እንግዳ ሊኖር ስለሚችል ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ በያይነቱ ደህና የሚሠራበት ቤት ማወቅ ከስብሰባ አዳራሽ ይበልጣል።

የማታው ስልክ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። አጎት ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ አንተ የምታውቀው ነገር ነው፣ አክሲዮን ልግዛ ወይ?» ጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር፣ በቴሌብር ለሽያጭ ሲቀርብ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ ጡረተኛም ሊገባበት የሚችል መጠን ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በቆመበት አይመለስም። «እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ቤት መጥቼ ወረቀት ይዘን እንየው» ይባላል። ቅዳሜ ሲኬድ ስለ ኩባንያው ከማውራት በፊት ስለ ገንዘቡ ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ መቼ ይፈለጋል? ለመስከረም ምዝገባ፣ ለሕክምና ወይም ለቤት እድሳት ከሆነ አክሲዮን ውስጥ አይግባ። ለመሸጥ ቢፈለግና ገዢ ሦስት ወር ቢጠፋ ምን ይሆናል? ለሁለት ዓመት የትርፍ ድርሻ ባይከፈልስ ቤቱ ይጎዳል? አጎቱ ራሳቸው መልሱን በእጃቸው ይጻፉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ያቺን ወረቀት አውጥተው ያዩዋታል። ከዚያ በላይ ዝርዝር ምክር ካስፈለጋቸው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ወዳለው አማካሪ መውሰድ ነው፤ አብሮ መሄድም ጥሩ ነው።

በሚቀጥለው ክፍል የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ውክልና እንዴት እንደሚሰጥና ድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር እናያለን። ደህና ሁኑልኝ።