ታሪኩን ሳትቆርጡ ስጧቸው

እንደምን አረፈዳችሁ። አካም ጅርቱ።

የተከበራችሁ የጅማና የዙሪያዋ የቋንቋ መምህራን፣ ርዕሰ መምህራን፣ ወላጆች። አዘጋጆቹ «ሥነ ጽሑፍ ለቋንቋ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ ሰጥተውኛል። ጠቀሜታውንማ ሁላችንም ኮሌጅ ሳለን ፈተና ላይ ዘርዝረን ማርክ አግኝተንበታል። እሱን ልለፈውና ስለሚያናድደኝ ነገር ልናገር።

የሚያናድደኝ ምንባቡ ነው። ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የቅድመ ንባብ ጥያቄ። ቀጥሎ ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ችግኝ አራት አንቀጽ። ከዚያ «እውነት ወይም ሐሰት በማለት መልሱ»። ከዚያ የተሰመረባቸው ቃላት ፍቺ። ታሪክ ከመጣም ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ሰውዬው ጫካ ይገባል፣ የአውሬ ድምፅ ይሰማል፣ ገጹ ያልቃል። «ከአንቀጽ ሁለት አምስት ቅጽሎችን አውጡ» ይላል ትዕዛዙ። ልጁ የሚፈልገው አውሬው ምን እንዳደረገ ማወቅ ነው። እኛ ቅጽል እናስለቅመዋለን። ከዚያ ስታፍ ገብተን ሻይ እየጠጣን «የዘንድሮ ልጅ ማንበብ ጠልቷል» እንላለን። ማን አስጠላው?

አማርኛ የማስተምረው አንድ ሰባተኛ ክፍል ነበረኝ። ፔሬዱ ከምሳ በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው ሲግል እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አብዛኞቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት። ማንበብ የጀመሩትም በቁቤ ነው። የዕለቱ ትምህርት ያ የታወቀው «ቢሆን ኖሮ» ነበር። የመጽሐፉ ምሳሌ ምን ይላል? «ብታጠና ኖሮ ታልፍ ነበር።» ማስተማር ነው ስድብ? አስደገምኳቸው፣ ደገሙ፣ አዛጉ።

መጽሐፉን ዘጋሁና ተረት ጀመርኩ። የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለውን ሴት፣ ሁላችሁም የምታውቁትን። አዋቂ ዘንድ ሄዳ መላ ስትጠይቅ «ከአንበሳ ጢም ፀጉር ነቅለሽ አምጪ» ይላታል። ሥጋ ትይዛለች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ ጥላለት ትሮጣለች። በማግስቱ ትንሽ ቀረብ ትላለች። ሌላ ቀን አጠገቡ ቁጭ። እጇ ጢሙ ላይ ሲደርስ አቆምኩና «የቀረውን ነገ» አልኩ።

ክፍሉ ቀወጠው! ከጅሬን በእግሩ የሚወርድ፣ በአማርኛ ሰዓት ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ አንድ ልጅ ከኋላ ብድግ አለና «ቲቸር፣ ይበላታል!» አለ። አንዷ ዞራ «አይበላትም፣ ለምዷታል» አለችው። «ሥጋው ሲያልቅ ይበላታል!» «ሊበላት ቢፈልግ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይበላት ነበር!»

ይኸው! ቢፈልግ ኖሮ ይበላት ነበር። ማን አስደገማት? ለሴትየዋ ስትከራከር ነው ከአፏ የወጣው። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ሌሎቹ ተቀባበሉት፦ ሥጋ ባታመጣለት ኖሮ፣ ብትሮጥ ኖሮ፣ ጢም ባይኖረው ኖሮ።

ያ ልጅ በማግስቱ መጨረሻውን ራሱ ጽፎ መጣ። ግማሽ ገጽ። ግዕዙንና ራብዑን ቀላቅሎታል፣ አራት ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም። በሱ ታሪክ አንበሳው ሴትዮዋን ቤቷ ድረስ ይሸኛታል። የእንጀራ ልጁ አንበሳውን ሲያይ ሮጦ ቀሚሷ ውስጥ ይደበቃል። ይህን የጻፈው «አማርኛ አይችልም» የተባለ ልጅ ነው።

በዚያው ሰሞን ተቆጣጣሪ መጣ። «ይህ ተረት በዓመታዊ ዕቅዱ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?» አለኝ። የልጁን ጽሑፍ አሳየሁት። እስክሪብቶ አውጥቶ ግድፈቱን አሰመረበት! ለእኔም «ክፍለ ጊዜ በአግባቡ አልተጠቀመም» ብሎ ጻፈልኝ።

«ይሄ የፈረንጅ ዘዴ ነው፣ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚሉም አሉ። የፈረንጅ? ከዚሁ ከሊሙ እናርያ በልጅነቷ ለባርነት የተወሰደች አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ቀይ ባሕርን ሊያሻግሯት ሲሉ የጣሊያን መርከብ አስጣላት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ቁጭ ብላ በቃሏ የያዘችውን የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ ንግግርና ዘፈን 500 ያህል በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙው እሷና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አናሲሞስ ነሲብ ባዘጋጁት ማንበቢያ መጽሐፍ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ፣ በግዕዝ ፊደል። ለማን? ለጀማሪ አንባቢ! ከ130 ዓመት በፊት የእኛው አካባቢ ልጅ ለፊደል ቆጣሪ ተረት ሰጠች። እኛ በዚህ ዘመን አራት አንቀጽ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ እንሰጣለን። ስሟንስ ስንቶቻችን ነን ለተማሪዎቻችን የነገርነው?

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ የሠለጠንበት ሥልጠና ብዙ ነው፤ አበሉንም ፈርመን ወስደናል። የልጆቹ እጅ ላይ ግን መጽሐፍ የለም።

ወደ መጽሐፉ ከመጣን አይቀር፣ ያ ቁምሳጥን። በየትምህርት ቤቱ አለ። ልብ ወለዱ ተደርድሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ተቆልፎበት። ለምን? «ተማሪ ይሰርቃል።» ይስረቅ! ልብ ወለድ ሰርቆ ቤቱ የወሰደ ልጅ ካለ አምጡልኝና ግንባሩን ልሳመው። የመጽሐፉን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብንም አትናቁት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንቱ ሰው ነው መጽሐፉን ሳይገልጥ፣ ከወጋየሁ ንጋቱ አፍ በሬዲዮ የሰማው? ሰምቶም ነው መጽሐፉን ፍለጋ የወጣ። ጥሩ አንባቢ መምህር ከሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን፣ የፔሬዱን የመጨረሻ አሥር ደቂቃ አንብቡላቸው። ጥያቄ የለ፣ ማርክ የለ።

ፈተናስ? ትላላችሁ። ፈተናውም ምንባብ ነው፤ ማንበብ የለመደ ልጅ አይደነግጥለትም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እስከ ጥር ድረስ እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት አንድ ተረት ሰምቶ ይምጣ። በኦሮምኛም ይሁን፣ በዳውሮኛም፣ በየምኛም፣ በካፍኛም። በሰማበት ቋንቋ ለጓደኞቹ ይንገር፣ በአማርኛ ይጻፈው። ተጠርዞ ያ ቁምሳጥን ውስጥ እንዲገባ አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት ልጆች ያነቡታል። መውጫው በር ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ፤ የምትሳተፉ ስማችሁንና የምታስተምሩበትን ክፍል ጻፉልኝ።

አመሰግናለሁ።