ጥፋቱ የካርቡሬተሩ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ!

መካኒክ ንግግር አያምርበትም። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ እንደማወራው ላውራችሁ።

ክረምቱን ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ሞተር ያለው ስንት ሰው ነው? እስቲ እጃችሁን አውጡ። ይኸው፣ ብዙ ናችሁ። መስከረም ጠባ፣ ጭቃው ደረቀ፣ ወደ ጢስ ዓባይ ብቅ ልበል ብላችሁ ስትረግጧት ዝም። ወይ አየሩን በሚያፍነው በቾክ ትነሳና ቾኩን ስትመልሱት ቀጥ ትላለች። ወይ ሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጧት መሥራቱን፣ አልይዝ ብላ መሀል መንገድ ላይ ታዋርዳችኋለች፤ ከኋላ ያለው ባጃጅ ደግሞ ጥሩምባውን ይለቅባችኋል። ያኔ ያየ ሁሉ «ካርቡሬተሩ ነው» ይላል፤ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ ማለት ነው። ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገረው።

ቤንዚን ተቀምጦ ሲከርም ቀላሉ ይተናል፣ የቀረው እንደ ሙጫ ይለጠፋል። መጀመሪያ የምትደፈነው ትንሿ ጄት፣ ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ብሎን ናት፤ የሚኒሞዋ። ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሞተሯ በቾክ ብቻ የምትሠራው ለዚህ ነው።

ሥራ ስጀምር ይህችን ጄት በልብስ መርፌ ጎረጎርኳት። ጄት ነሐስ ናት፤ ብረት ሲገባባት ትፋቃለች። ሞተሯ ተነሳች፣ እኔም ኮራሁ። በሳምንቱ ባለቤቱ ተመልሶ መጣ። ቤንዚን እንደ ጠላ ትጠጣለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል። ቀዳዳዋን አስፍቻት ኖሯል። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ አገር የተመጠነች ጄት እዚህ ስትመጣ ድሮውንም ቤንዚን ይበዛባታል። የአዲሷን ጄት ዋጋ ከደሞዜ ከፈልኩ።

እናም መርፌ የለም። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ምዘዙ። ጄቷን ካርቡሬተር ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፉና ክሯን በቀስታ አሳልፉ። ከዚያ በኮምፕሬሰር ንፉት፤ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ። ጄቷን ወደ ብርሃን አንሱና እዩ። ክብ ሆና ጥርት ያለች ቀዳዳ ካልታያችሁ ገና ናት። ጎማ የሆነውን ሁሉ ግን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ማጽጃው ያሳብጠዋል።

የአየር ማስተካከያዋን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስክትቆም ወደ ውስጥ አጥብቋት፤ ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ፣ ጻፉት። አንድ ዙር ተኩል ከሆነ ስትመልሷትም አንድ ዙር ተኩል። በእጃችሁ ላይ ብትጽፉ በቤንዚን ይታጠባል፤ ደርሶብኛል። የጃፓን ሞተሮች ብሎን ደግሞ መስቀል ቢመስልም ከተራው ካቻቢቴ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ በጉልበት ስትሉት አናቱ ይላጣል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ማጽዳቱ ይህን ያህል ነው። እኔን ያሰቃየኝ ሌላው ግማሽ ነው።

አንዲት አሮጌ ሞተር በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ፈታሁ። ባጸዳሁ ቁጥር ታምራ ትሄዳለች፣ ደግሞ ተገፍታ ትመጣለች። በሦስተኛው ተናድጄ፣ ካርቡሬተሩን ከመፍታቴ በፊት ከሥሩ ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ብቻ አላላሁና ቤንዚኑን ወደ ተቆረጠ ሃይላንድ ለቀቅሁት። አስቀምጬ አየሁት። ከታች ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ተቀመጠ፤ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። ጎኑ ላይ እንደ በርበሬ የቀላ ደቃቅ ነገር ወረደ። የሰልባቲዮው፣ የቤንዚን ጋኑ ዝገት ነው! ለካ ላይ ያለውን ትቼ ታች ያለውን ስጠርግ ከርሜያለሁ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ያንን ሃይላንድ ነው። ውሃ ካለ፣ ቤንዚኑን ከየት ቀዳችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ቤንዚን ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የምንገዛው ሁላችንም ነን፤ እኔም እገዛለሁ። ግን ያ ዕቃ ትናንት ውሃ ነበረበት። በጨርቅ ማጥለል አሸዋውን እንጂ ውሃውን አይከለክልም፤ ትንሽ አቆዩትና ከላይ ከላዩ ቅዱ፣ የታችኛውን ተዉት። ቀይ ደቃቅ ካለ ሰልባቲዮው ወርዶ ይታጠብ፣ በቱቦው ላይም ትንሽ ፊልትሮ ይግባ። ሐይቁ ዳር የመስኖ ፓምፕ ያላችሁም ስሙኝ፤ የቤንዚን ከሆነ ያው ካርቡሬተር ነው፣ ያው ዝገት ነው። ሞተር ሲያከርሙ ደግሞ የቤንዚን መዝጊያውን ዘግቶ፣ በዚያችው በማፍሰሻዋ ብሎን ማራገፍ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርቡሬተር እንፈታለን። ማፍሰሻዋን የሚያላላው ከእናንተ አንዱ ነው፤ እኔ ሃይላንዱን እይዛለሁ። ሲጋራ ያለው ውጭ ይጨርስ። እናታችን፣ ይቅርታ፣ ያችን የቡና ከሰል ወዲያ ራቅ ያድርጉልን፤ ቡናው አይቀርብንም።