ቁስሉ አለ፣ ወረቀቱ የለም፦ የቁስለኛ ሜዳሊያ ስለመጠየቅ ለአድማጮች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ በነበረን የስልክ መስመር ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል አብዛኛውን ሰዓት የወሰደው አንድ ጉዳይ ነበር፦ የአሜሪካ ጦር በጠላት እርምጃ ለቆሰሉ አባላቱ የሚሰጠው ፐርፕል ሃርት የተባለው ሜዳሊያ እንዴት እንደሚጠየቅ። በአየር ላይ የመለስኩት በጥድፊያ ስለሆነ እዚህ አሟልቼ ጽፌዋለሁ። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም።

ከሂርማታ የደወሉ አድማጭ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው፤ በዲቪ ወደ አሜሪካ ከሄድኩ በኋላ በአሜሪካ ምድር ጦር በሾፌርነት አገልግያለሁ። በፈረንጆች 2004 መጨረሻ ገደማ፣ ኢራቅ ውስጥ ከባግዳድ ወጣ ብሎ፣ የምነዳው መኪና መንገድ ዳር በተቀበረ ፈንጂ ተመታ። ራሴን ስቼ ነበር፤ ትከሻዬ ላይም ፍንጣሪ ገብቷል። ያከመኝ የመቶአችን የሕክምና ረዳት ነው። አሁን አገሬ ገብቼ ቡና እያለማሁ ነው። ፐርፕል ሃርት የሚባለውን ሜዳሊያ ብጠይቅ ‹የሕክምና ማስረጃ በፋይልዎ ውስጥ አልተገኘም› ብለው መለሱልኝ። ከዚህ በኋላ መንገድ አለ ወይስ ልተወው?»

መንገድ አለ፤ መንገዱ የሚጀምረው ግን የተጻፈልዎትን መልስ ረጋ ብሎ ከማንበብ ነው። ደብዳቤው አልቆሰሉም አላለዎትም፤ ያለው ማስረጃ አላገኘንም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተቆጥቶ የሚጽፈው ሁለተኛ ማመልከቻ ስለ ሕመሙና ስለ አገልግሎቱ ይተርካል እንጂ ጎደለ የተባለውን ነገር አያሟላም፤ ስለዚህም ያንኑ መልስ ይዞ ይመለሳል።

ይህ ሜዳሊያ መነሻው ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1782 ያቋቋሙት የጨርቅ ምልክት ሲሆን በአሁኑ መልኩ የተመለሰው በ1932 ነው። የጀግንነት ሽልማት አይደለም፤ የአዛዥ መልካም ፈቃድም አያስፈልገውም። መስፈርቱ የተሟላለት ሁሉ ይገባዋል፤ ያልተሟላለት ደግሞ ምንም ያህል ጀግና ቢሆን አያገኘውም። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጉዳት መድረሱ፣ ጉዳቱ በጠላት እርምጃ የደረሰ መሆኑ፣ እንዲሁም ጉዳቱ የጦሩን ሐኪም ሕክምና የሚጠይቅ ሆኖ ሕክምናው በሰነድ የተመዘገበ መሆኑ። እርስዎን ያሰናከለዎት ሦስተኛው ነው። ያከመዎት የሕክምና ረዳት እንጂ ሐኪም አለመሆኑ ብቻውን በሩን አይዘጋም፤ ደንቡ፣ ሐኪም በቦታው ቢኖር ኖሮ ጉዳቱ የእርሱን ሕክምና ይጠይቅ እንደነበር አንድ የጦሩ ሐኪም በጽሑፍ ካረጋገጠ ይቀበላል። ራስዎን ስለመሳትዎ ደግሞ፣ በፍንዳታ የሚደርስ የአንጎል መናወጥ ራስን እስከ መሳት ካደረሰ፣ ወይም ወታደሩን ከ48 ሰዓት በላይ ከሙሉ ሥራው ካገደ መስፈርቱን ሊያሟላ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2011 ግልጽ ተደርጓል፤ ይህም ከመስከረም 2001 ጀምሮ ለደረሰ ጉዳት ወደ ኋላ ሄዶ ይሠራል። ስለዚህ ማመልከቻዎ በፍንጣሪው ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ይጠንቀቁ። የፍንጣሪ ጠባሳ ይደበዝዛል፤ ራስን ስቶ የወደቀን ሰው ግን በቦታው የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ስልክ ላይ «ፋይሉ ተቃጥሎ ይሆናል ይሉኛል» ብለውኝ ነበር። ቃጠሎው እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በተነሣ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር ፋይሎች ጠፍተዋል፤ ቅጂም አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ከምድር ጦር በኩል የተጎዱት ከ1912 እስከ 1960 ባለው ጊዜ የተሰናበቱት ናቸው፤ እርስዎን አይነካዎትም። በኢራቅ የነበረው ችግር ሌላ ነው፤ የሜዳ መዝገብ በአግባቡ አልተያዘም፣ ክፍሉ ሲቀየርም ብዙው እዚያው ቀርቷል ወይም ተሰርዟል። የሕክምና ረዳቱ በካርድ ላይ የጻፈው ነገር ወደ ዋናው ፋይል ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ስምዎን ይፈትሹ። የእኛ ሰው ስም በእነርሱ መዝገብ ውስጥ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ፣ የአባት ስም መሐል ገብቶ፣ አንዳንዴም «ገብረ» እና «ወልደ» ተነጥለው ይጻፋሉ። በአንድ አጻጻፍ ያልተገኘ የሕክምና ወረቀት በሌላው ሊገኝ ይችላል። ጥያቄዎን ሲልኩ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎና ስምዎ በተጻፈባቸው መልኮች ሁሉ እንዲፈለግ በግልጽ ይጻፉ።

ቀጥሎ ከኢራቅ ሲመለሱ የሞሉትን ቅጽ 2796 እንዲፈለግልዎት ይጠይቁ። ከዘመቻ የሚመለስ ወታደር ሁሉ ስለ ጤንነቱ የሚጠየቅበት ቅጽ ነው። እዚያ ላይ በፍንዳታ መጎዳትዎን ጽፈው ከሆነ፣ ክርክር ባልነበረበት ሰዓት የተሰጠ ቃል ስለሆነ ክብደት አለው። «አልተጎዳሁም» ብለው ከሆነም አይደብቁት። ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ወታደር እጅግ ብዙ ነው፤ ይህንንም መርማሪዎቹ ያውቃሉ። እርስዎ አስቀድመው ምክንያቱን ቢገልጹ፣ እነርሱ አግኝተውት ከሚጠይቁዎት በብዙ ይሻላል።

ከጠላት ጋር በውጊያ ለተገናኘ ወታደር የሚሰጠው ምልክት፣ ኮምባት አክሽን ባጅ፣ ተሰጥቶዎት ከሆነ ትዕዛዙን ያያይዙ፤ በጠላት ጥቃት ውስጥ መገኘትዎን ያስረዳል፣ መቁሰልዎን ግን አያስረዳም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለትከሻዎና ለራስ ምታትዎ የሰጠዎት የጉዳት ውሳኔም እንዲሁ ነው። ያ መሥሪያ ቤት ማስረጃው እኩል ሲሆን ጥርጣሬውን ለአመልካቹ ጥቅም ይተረጉማል፤ የሜዳሊያው መዛኞች ግን ማስረጃው ወደ እርስዎ እንዲያጋድል ይጠብቃሉ። ብዙዎች «መንግሥት ራሱ አምኖልኝ እያለ» ብለው የሚያዝኑት ይህን ልዩነት ባለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ምስክሮች እንምጣ፤ እኔ እንደማየው ጉዳይዎ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በመኪናው ውስጥ ወይም ከኋላ ይከተል በነበረው መኪና ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎችንና፣ ከተቻለ፣ ያንን የሕክምና ረዳት ይፈልጉ። ምስክሩ የሚጽፈው በዓይኑ ያየውን ብቻ ይሁን፦ የት ቆሞ እንደነበር፣ ፈንጂው በየትኛው ወገን እንደፈነዳ፣ እርስዎን ማን እንዳወጣዎት፣ ምን ያህል ጊዜ ሳይናገሩ እንደቆዩ፣ ማን ምን እንዳደረገልዎት፣ መቼ ወደ መንዳት እንደተመለሱ። «ጥሩ ወታደር ነበር፣ ሜዳሊያው ይገባዋል» የሚል አንድ ገጽ ሙሉ ምስጋና ከእነዚህ ስድስት መስመሮች አይበልጥም። ሦስቱ ምስክሮች አንድ ዓይነት ቃል ካመጡ ደግሞ አንድ ሰው እንደጻፈላቸው ያስታውቃል። በጥቃቅን ነገር መለያየታቸው ነውር የለበትም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው እንዲህ ነው የሚያስታውሰው።

እርስዎ የራስዎን ቃል ለመስጠት ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያለብዎት አይምሰልዎት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከአገሪቱ ውጭ ያለ ሰው፣ ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ መሠረት በሐሰተኛ ምስክርነት እንደሚጠየቅ ገልጾ፣ ቀን ጽፎ ከፈረመ፣ በመሐላ እንደተሰጠ ቃል እንዲቆጠርለት ይፈቅዳል። የምስክሮቹ ቃል ግን በውል አዋዋይ ፊት ቢፈረም እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የነገሩኝ ነገር፣ ለእናትዎ በኅዳር 1997 ዓ.ም. ስለጻፉት ደብዳቤ፣ ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል። ያ ወር በእነርሱ አቆጣጠር ከኅዳር 10 እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን 2004 ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ጉዳቱ በደረሰ በቀናት ውስጥ፣ ሜዳሊያ በሐሳብዎ ሳይኖር የተጻፈ ነው። ብቃት ባለው ተርጓሚ ያስተርጉሙት፤ ተርጓሚው የአማርኛውን ቀን እንዳለ አስቀምጦ የፈረንጁን በጎን ይጻፍ። ሰዓትም ካለበት እንዲሁ ነው፤ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» የሚለው እንዳለ ከተተረጎመ ፍንዳታው ሌሊት የደረሰ ይመስልና ከምስክሮቹ ጋር ያጋጭዎታል። «አይዞሽ እማዬ፣ ትንሽ ነው የመታኝ» ብለው መጻፍዎ አሳፍሮዎት ነበር። አይፈሩት። ለእናቱ የቆሰለውን አሳንሶ የማይጽፍ ልጅ የለም፤ ይህን ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር በቃ።

ይህን ሁሉ ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት በኬንታኪ ፎርት ኖክስ ወደሚገኘው የጦሩ የሰው ኃይል እዝ የሽልማት ክፍል ነው። እዚያ ካልተሳካ በቅጽ 149 ለምድር ጦሩ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ያመለክታሉ። ስሕተቱ ከታወቀ ሦስት ዓመት ያለፈው ማመልከቻ ዘግይቷል ይባላል፤ ነገር ግን ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ጊዜውን ሊያልፈው ስለሚችል የዘገዩበትን ምክንያት በቅጹ ላይ ባዶ አይተዉት። ቦርዱ መዝገቡ ትክክል ነው ከሚል ግምት ይነሣል፤ ያንን ግምት የማፍረስ ሸክሙ የእርስዎ ነው።

ከጅረን የደወሉ እኅት፦ «አባቴ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ እግሩን ቆስሏል። ሲያርፍ አማርኛ የተጻፈበት ሜዳሊያ ትቶልናል። ከአሜሪካኖቹ ጋር አብሮ ስለተዋጋ ይህን የቁስለኛ ሜዳሊያ ልንጠይቅለት እንችላለን?»

እትዬ፣ ይህን አትችሉም፤ በከንቱ እንዳትደክሙ ግልጹን መናገር ይሻላል። ቃኘው ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ቢዋጋም ወታደሮቹ የኢትዮጵያ ጦር አባላት ነበሩ፤ ሜዳሊያው ደግሞ ለራሷ ለአሜሪካ ጦር አባላት የሚሰጥ ነው። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተው፣ ከ500 በላይ ቆስለው፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጡ መመለሳቸው ይህን አይለውጠውም። በእጅዎ ያለው ግን ተራ ነገር አይመስለኝም። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሲቀረጽ አንዱ አማርኛ ነበር፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ካለው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለዘማቾች የሚሰጠው የሰላም አምባሳደር ሜዳሊያም አለ፤ ለእርሱ በአዲስ አበባ የሚገኘውን የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ያነጋግሩ።

ስማቸውን ያልገለጹ አድማጭ፦ «አእምሮው ላይ የደረሰበት ጉዳትስ? ብርድ ያቃጠለውስ?»

ሁለቱም አያስገኙም። የብርድ ቃጠሎ በመስፈርቱ ውስጥ የለም፤ ከጦርነት በኋላ ስለሚከተል የአእምሮ ሕመምም የአሜሪካ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ2009 አይሰጥም ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አልከራከርም፤ የጉዳት ካሣና ሕክምና ግን በሌላ በር ይጠየቃሉ። በአገልግሎት ምክንያት ለደረሰ ሕመም ከአሜሪካ ውጭ የሚደረግ ሕክምናን የሚሸፍን ፕሮግራምም አላቸው።

ከአጂፕ የደወሉ አድማጭ፦ «አንድ ሰው በብር አስጨርስላችኋለሁ እያለ ነው።»

አይክፈሉት። የቀድሞ ወታደር የራሱን ፋይል መሠረታዊ ሰነዶች የሚጠይቀው ያለ ክፍያ ነው። ያላገኘውን ሜዳሊያ አግኝቻለሁ ብሎ ጥቅም ለማግኘት የሚያጭበረብር ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል።

መስመሩ ሊዘጋ ሲል የሂርማታው አድማጭ መልሰው ደውለው፣ ደብዳቤው እናታቸው ካረፉ ወዲህ አጋሮ እኅታቸው ቤት በሣጥን እንዳለ ነገሩኝ። ዋናውን በፖስታ አይላኩ። ፖስታውን ጨምሮ፣ ማኅተሙ እንዲታይ፣ በሁለቱም ገጽ በስካነር አስነሥተው ቅጂውን ብቻ ይላኩ፤ ዋናው እስኪጠየቅ ድረስ እዚያው ሣጥን ውስጥ ይቆይ። እኅትዎም ደብዳቤው መቼ እንደደረሰና ማን እንዳነበበላቸው የሚያስታውሱትን በአጭሩ ይጻፉ።