ሰው የሚያድኑ ውሾች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

በማስተካከያ ልጀምር። የማኅበራችን ሊቀመንበር ማስታወቂያውን ሲለጥፉ «ሰው ስለሚያድኑ ውሾች ንግግር ይደረጋል» ብለው ጻፉ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የፊደሉ ነው። ማደንም ማዳንም ሲጻፍ «ያድናል» ነው። ትናንት አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ እነዚያ ከበረዶ ሥር ሰው የሚያወጡት ናቸው አይደል? እግዜር ይባርካቸው» አሉኝ። አይደሉም፣ እማማ። እነዚህ በሌላኛው ትርጉም ነው የሚያድኑት። ሰው ይሮጣል፤ ውሾቹ ጠረኑን ይዘው ይከተሉታል፤ እኛ በፈረስ ውሾቹን እንከተላለን። ሲደርሱበት ይልሱታል። ይኸው ነው።

«ለይኸው ነው ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ ሳትተኚ የምትሄጂው?» ያለችኝ ጓደኛዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አዎ፣ ለይኸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ነው። እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ጥር 23 ቀን፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ላየ ሰው ሌላ ነገር መግለጽ አያስፈልገኝም። ያ ሁሉ ፈረስ፣ ያ ሁሉ ጌጥ! አባቴ ከነሱ አንዱ ነበር። እኔ ግን ፈረሱን ውሃ ከማጠጣት በቀር ላዩ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ማን ያወጣኛል? ሴት ልጅ ነኝ። እዚህ ብሪታንያ መጥቼ፣ ነርስ ሆኜ፣ ልጅ ወልጄ፣ በ41 ዓመቴ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፈረስ ቤት ወሰደችኝና ኮርቻ ላይ አስቀመጠችኝ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ተባልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያቺው ሴት ወደ አደን ክለቡ አስገባችኝ።

የራሴ ፈረስ የለኝም። ከአንዲት አሮጊት ጋር በጋራ የምንይዘው አንድ ወፍራም ዳማ ፈረስ አለ። አገራችን ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበር ታውቃላችሁ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። እኔም ፈረሱን «ጭቃ» ብዬ ሰየምኩት። ወቅቱን በሙሉ ቀለሙን አይተነው አናውቅማ። እንግዲህ እኔ እመ ጭቃ ነኝ ማለት ነው።

ውሾቹ ብለድሃውንድ ይባላሉ። ጆሯቸው ከአገጫቸው በታች የወረደ፣ ዓይናቸው ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው የሚመስል፣ ለሃጫቸው የማያቋርጥ ናቸው። ዘራቸው የመጣው ቤልጅየም ውስጥ አርደን ከሚባለው ደን፣ ከቅዱስ ሁበርት ገዳም ነው ይባላል። መነኮሳት ያረቧቸው ናቸው። እዚህ አገር ያሉ ብዙ ክለቦች ግን ከቀበሮ አዳኝ ውሻ ጋር አዳቅለዋቸዋል። ንጹሑ ብለድሃውንድ አፍንጫው እንጂ እግሩ አይቸኩልም።

አፍንጫው ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ አፍንጫ 5 ሚሊዮን ያህል የማሽተቻ ሕዋስ አለው ይባላል። ለብለድሃውንድ የሚጠቀሰው ቁጥር 300 ሚሊዮን ነው። ሯጩ ምንም አይቀባም፣ ምንም አይጎትትም። «ክሊን ቡት» ይሉታል፤ ንጹሕ ጫማ ማለታቸው ነው። ከሁላችንም ቆዳ ያለማቋረጥ የሚረግፍ የማይታይ ብናኝ አለ። ሣሩ ላይ፣ ቁጥቋጦው ላይ ያርፋል። ውሾቹ የሚከተሉት እሱን ነው። መሬቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ጠረኑ ይቆያል። ደረቅ ንፋስ ካለ ይበተናል። እኔን መጀመሪያ ያስገረመኝ ውሾቹ ሯጩ በረገጠበት በትክክል አለመሄዳቸው ነው። ንፋሱ ገፍቶት አንዳንዴ አሥር ሜትር ወደ ጎን ሆነው ነው የሚሮጡት። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ የተሳሳቱ ይመስላሉ። የሚሳሳተው ተመልካቹ ነው። ጥንቸል ከፊታቸው ብትነሳ እንኳ እንዲተዋት የተማረ ውሻ ነው።

ቀበሮስ? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ቀበሮን በውሻ ማሳደድ የተከለከለው በፈረንጆቹ 2004 በወጣ ሕግ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹ ክለቦች የቀበሮ ጠረን የነከሩበትን ጨርቅ መሬት ላይ እየጎተቱ ውሾቻቸውን ያስከትላሉ። ተቃዋሚዎች «ሽፋን ነው፣ ውሾቹ መጨረሻቸው እውነተኛው ቀበሮ ላይ ነው» ይላሉ። በ2024 ምርጫ ያሸነፈው ሌበር ፓርቲም ይህንንም አግዳለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነው የተወዳደረው። የእኛው ከዚህ ውጭ ነው። የሚታደነው ሰው ነው፤ ፈርሞ የገባ፣ ሻዩን ጠጥቶ የሚሄድ። ቀበሮ ቢሆን እኔ አልሄድም ነበር።

አንድ ታሪክ ጣል ላድርግ። በ1888 ለንደን ውስጥ ያ ጃክ ዘ ሪፐር የተባለው ነፍሰ ገዳይ ከተማውን ሲያስጨንቅ፣ የፖሊሱ አለቃ ሰር ቻርልስ ዋረን ሁለት ብለድሃውንድ አስመጡ። ስማቸው ባርናቢና በርጎ ነበር። መናፈሻ ውስጥ ተፈተኑ። ታዳኝ ሆነው የሮጡት ማን መሰላችሁ? ራሳቸው አለቃው! ነፍሰ ገዳዩ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ወደ እኛ ልመለስ። ወቅቱ የሚጀምረው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ መኸሩ ሲወጣ ነው። መጋቢት ላይ ያበቃል። የሰው እርሻ ላይ ነውና የምንጋልበው፣ ያለ ገበሬው ፈቃድ አንዲት እርምጃ የለም። በር ከፍተህ ሳትዘጋ ብታልፍና በጎቹ ቢወጡ፣ ክለቡ በዚያ መሬት ላይ ዳግመኛ አይረግጥም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚሄደው ሰው በር ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ።

እሁድ ጠዋት መጠጥ ቤት ደጃፍ ወይም ገበሬ ግቢ እንሰበሰባለን። (አውቃለሁ፣ እሁድ ነው። አባታችንም አናግረውኛል። አንድ እሁድ ቅዳሴ፣ አንድ እሁድ ፈረስ ብለን ተስማምተናል። «ተስማምተናል» ያልኩት እኔ ነኝ።) ኮርቻ ላይ እንዳለን በትሪ ወይንና ቋሊማ የተጠቀለለበት ዳቦ ያዞራሉ። ወቅቱ ደግሞ ጾም ላይ ጾም ነው። ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም፣ ብዙ ሳይቆይ ዓቢይ ጾም። ስለዚህ ኪሴን ዳቦ ቆሎ ሞልቼ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ጭቃ ቀመሰ፣ ያለ በርበሬውን። ቀጥሎ አጠገቤ ያሉት ሰዎች። አሁን ኮት የለበሰ ትልቅ ሰውዬ በፈረስ እየተጠጋኝ «ያ የሚያቃጥለው ነገር አለሽ?» ይለኛል።

ደንባቸው ብዙ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ። ውሾቹ የሚቆጠሩት በጥንድ ነው። «ዛሬ ዘጠኝ ጥንድ ተኩል ወጥተዋል» ይሉሃል፤ ግማሿ ጥንድ አንድ ውሻ መሆኗ ነው። የሚራገጥ ፈረስ ጅራቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ይታሰርለታል። ፊት የሚመራውን ሰው መቅደም ነውር ነው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ስንብቱ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትሄድም፣ ፀሐይ አናትህ ላይ ብትሆንም፣ የአደኑን አለቃ «ደህና እደሩ» ብለህ ነው የምትለየው። መጀመሪያ ቀን የሌሊት ሠራተኛ መሆኔን ሰምተው የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

አንገታችን ላይ ነጭ ጨርቅ እንጠመጥማለን፣ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ። ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ጃንዋሪ ላይ አንዲት ሴት ቦይ ስትዘል ፈረሷ ቆመ፤ እሷ አልቆመችም። ስደርስ ትከሻዋን ይዛ ተቀምጣለች። ዳሰስኩት፤ ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻዋ የሚሄደው አጥንት ተሰብሯል። ጨርቄን ፈታሁና ክንዷን ከደረቷ ጋር አሰርኩላት። አለቃው ከፈረሱ ላይ ሆኖ «ለዚህ እኮ ነው የምንለብሰው» አለ። አምቡላንስ እስኪመጣ ጭቃ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ቆሎ በላን። እንደ እሷ በግራ እጇ ዳቦ ቆሎ የቆረጠመ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው፤ 16 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች። «እማ፣ ድሮ በውሻ የሚታደነው ማን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ በባርነት ዘመን ያመለጡ ሰዎችን በውሻ ነበር የሚያሳድዷቸው። ውሾቹንም ብለድሃውንድ ይሏቸው ነበር። «ውሻ ከፊት፣ ፈረሰኛ ከኋላ፣ የሚሮጥ ሰው። አንቺ ደግሞ ኮርቻው ላይ!» አለችኝ። ምን ልበላት? ልጅ ናት ብዬ እንዳላልፋት ያለችው እውነት ነው። ክለቡ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። ነገሩን ለአንዲት አባል አነሳሁላት። ዝም ብላ ቆየችና «አስቤው አላውቅም» አለች። አለማሰብ እሷ ትችላለች። እኔ አስቤው ነው የምሄደው።

ፌብሩዋሪ ላይ ሯጭ ጠፋ። ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩ። ከኃይሌ አገር ነዋ የመጣሁት! ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ እንኳ የማለከልክ ሴት ነኝ። እምቢ ልል ነበር። ከዚያ «እሺ» አልኩ። ለልጄም ነገርኳት። አላናገረችኝም፤ እሁድ ጠዋት ግን መኪናው ውስጥ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት።

ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ተለቀቅሁ። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው መንገዱ። የታረሰው መሬት ጫማዬን ይዞ አልለቅ አለ። ጅረቱን በጉልበቴ ተሻገርኩ። መጨረሻው አንድ ትልቅ ዛፍ ነው፤ እዚያ ደርሼ ተደገፍኩ። «ሲመጡ እንዳትሮጪ፣ ዝም ብለሽ ቁሚ» ተብያለሁ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ። ጩኸት አይባልም፤ ማላዘን ነው፣ ወፍራም፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል። ከኋላው የኮቴ ድምፅ። በልጅነቴ የሰፈር ውሻ ነክሶኝ ሆዴ ላይ መርፌ ተወግቻለሁ። ልጄ ያለችኝም ትዝ አለኝ። እግሬ ሊሮጥ ፈለገ። የዛፉን ልጥ በሁለት እጄ ያዝኩ።

ቁጥቋጦውን ጥሰው ወጡና አለፉኝ! ንፋሱ ጠረኔን ወደ ታች ወስዶታል። ከዚያ አንዲት ጥቁርና ቡኒ ውሻ ቆመች። ራሷን ቀና አደረገች። ዞረች። አፍንጫዋን መሬት ላይ አድርጋ ቀስ ብላ መጣችና ሁለት እግሯን ትከሻዬ ላይ ጫነች። ለሃጯ ቅንድቤ ላይ ወረደ። ቀጥሎ ሌሎቹ መጡ፤ ወደቅሁ። ፈረሰኞቹ ደርሰው ኮፍያቸውን ነክተው «እናመሰግናለን» ሲሉኝ ውሾች ሥር ነበርኩ።

ልጄ ከገበሬው ጋር ከአጥሩ ወዲያ ሆና አይታለች። በመኪናው ስንመለስ «አሁንም ደስ አይለኝም» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። የጃኬቷ እጅጌ ግን እስከ ክርኗ ለሃጭ ነበር። አልጠየቅኋትም።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። 83 ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል።

«ዛሬ ምን አደናችሁ?»

«ሰው፣ አባዬ።»

«ማንን?»

«እኔን።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እና ፈረሱን ማን ያዘልሽ?» አለኝ።

አመሰግናለሁ። ቡናው ደርሷል፣ ዳቦ ቆሎውም ጠረጴዛው ላይ ነው። ገና 10 ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ ደህና እደሩ።