ሰፈሩ በሙሉ ጠቅልሎ ሲገባ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ደሴት ነው የማወራችሁ።

በአውሮፓውያኑ 1962 መገባደጃ ላይ የትሪስታን ዳ ኩና ሰዎች እንግሊዝ አገር ሆነው ድምፅ ሰጡ። እዚሁ እንቅር ወይስ ወደ ደሴታችን እንመለስ? 148ቱ እንመለስ አሉ። እንቅር ያሉት አምስት ብቻ ናቸው።

ይህ ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የመጡበትን ስታዩ ደግሞ ይበልጥ ይገርማችኋል። ካርታ ላይ ደቡብ አፍሪካንና ደቡብ አሜሪካን ፈልጉ። መሀላቸው ባለው ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው ነጥብ ትሪስታን ናት። በጣም የሚቀርባት ሰው ያለበት ቦታ ሴንት ሄሌና ነው፤ እሱም 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአዲስ አበባ ካይሮ በሉት፤ መሀሉ ግን ውሃ ብቻ ነው። አየር ማረፊያ የለም። ከኬፕ ታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ደርሳችሁም ወዲያው ትወርዳላችሁ ማለት አይደለም። ወደቡ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ መርከብ አይገባበትም። ባሕሩ ከተቆጣ መርከቡ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ለቀናት።

ነዋሪው ከ250 አይበልጥም። ሁሉም የሚኖሩት አንዲት መንደር ውስጥ ነው፤ ከኋላቸው ተራራ፣ ከፊታቸው ባሕር።

መንደሯ የመጣችው በናፖሊዮን ሰበብ ነው። እንግሊዞች ናፖሊዮንን ሴንት ሄሌና ላይ ካሰሩት በኋላ፣ ፈረንሳዮች መጥተው እንዳያስመልጡት ብለው በ1816 ትሪስታን ላይ ጦር አሰፈሩ። በዓመቱ ጦሩ ውጣ ሲባል ዊልያም ግላስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ወታደር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ቀረ። አብረውት ከቀሩት ሰዎች ጋርም ወረቀት ተፈራረሙ። ከብቱም ስንቁም የሁላችንም እኩል ነው፤ ከመሀላችን ማንም የበላይ አይሆንም ተባባሉ። በኋላ ሚስት ያላገኙት ወንዶች አንድ የመርከብ ካፒቴን ለመኑና በ1827 ከሴንት ሄሌና አምስት ሴቶች መጡላቸው። እነዚያ ሴቶች የማያውቁትን ሰው ለማግባት ያን ሁሉ ባሕር ሲያቋርጡ ምን ያስቡ ነበር? ታሪኩ ሲነገር ግላስ ግላስ ይባላል። ለእኔ ግን ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት እነሱ ናቸው።

የዚያ ወረቀት ነገር ዛሬም አለ። መሬቱ የጋራ ነው። አንድ ቤተሰብ የሚያረባው ከብትና በግ ቁጥር ይገደባል። ግጦሹ እንዳያልቅ ነው፤ ደግሞም አንዱ ከሌላው እጅግ እንዳይከብር። ድንች ዋና ምግባቸው ነው። ማሳዎቹ ከመንደሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብለው ነው ያሉት፤ ነፋሱ ተክሉን እንዳያበላሸው እያንዳንዱ ማሳ በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ሁሉም ቤተሰብ የየራሱ ማሳ አለው። ሲተከልም ሲቆፈርም ዘመድ ከዘመድ ይተጋገዛል። ወንፈል ማለት ነው እንግዲህ።

ገንዘብ የሚገባላቸው ከሎብስተር፣ ቅርፊት ካለው የባሕር እንስሳ ነው። ማለዳ አየሩ ጥሩ ሆኖ ከታየ አንድ ሰው የተሰቀለ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ይደበድባል። እኛ ተማሪ ቤት የተሰቀለው ቸርኬ ሲመታ እየሮጥን ሰልፍ እንደምንወጣው፣ ያን ድምፅ የሰማ አጥማጅ ወደ ጀልባው ይሮጣል። የቢሮ ሥራ ያለውም ጭምር። ባሕሩ በየቀኑ እሺ አይልም፤ የተገኘችው ቀን አታምልጥ ነው ነገሩ።

ኑሮው ከባድ መሆኑን አልደብቃችሁም። በ1885 አሥራ አምስት ወንዶች ከአንዲት አላፊ መርከብ ጋር ለመገበያየት በጀልባ ወጥተው አልተመለሱም። በአንድ ቀን የመንደሩ ጎልማሶች አለቁ ማለት ይቻላል። ዛሬ ሆስፒታል አላቸው፤ ግን ከአቅም በላይ የሆነ ሕመም ከመጣ መርከብ መጠበቅ ነው። አስም በጣም ብዙ ነው፤ የዘር ሐረጋቸው ከጥቂት ሰዎች ስለሚመዘዝ አጥኚዎች እዚያ ድረስ ሄደው መርምረዋቸዋል።

ወደ ድምፁ ልመለስ። በ1961 ኦክቶበር ላይ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተና ከመንደሩ አጠገብ ተሰንጥቆ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሕዝቡ በሙሉ፣ 264 ሰው፣ በጀልባ ወጣ። በኬፕ ታውን በኩል እንግሊዝ ገቡ። በኋላም ካልሾት በሚባል ቦታ፣ ቀድሞ አየር ኃይሉ ይጠቀምበት በነበረ ሰፈር ውስጥ ቤት ተሰጣቸው።

ካልሾት እኔ ከምኖርበት ከሳውዝሃምፕተን ሩቅ አይደለም። ታሪኩም እንዲህ የያዘኝ ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች እኔ በምሠራበት አካባቢ ፋብሪካ ገብተው ሠርተዋል። ደመወዝ፣ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ሐኪም፣ ሁሉንም አገኙ። የመጀመሪያው ክረምት ግን ጎዳቸው። ለጉንፋኑ ሰውነታቸው አልለመደም ነበር፤ ሽማግሌዎች ሞቱ። ጥያቄያቸው ግን አልተለወጠም፤ መቼ ነው የምንመለሰው?

ብዙ ሰው ይህን የአገር ፍቅር ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። የአገር ፍቅር ለእኛስ መቼ አነሰን? እማዬ በደወልኩ ቁጥር «መቼ ነው ጠቅልለህ የምትገባው?» ትለኛለች። እኔም «በቅርቡ» እላለሁ። ውሸቴን አይደለም፤ እፈልጋለሁ። ግን እኔ የወጣሁት ብቻዬን ነው። ስመለስም ብቻዬን ነው። ሰፈሩ እኔን ሳይጠብቅ ኑሮውን ቀጥሏል። ጓደኞቼ አግብተዋል፣ ተበትነዋል፣ አንዳንዶቹም በሕይወት የሉም። የተወለድኩበት ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል።

የትሪስታን ሰዎች አንድም ጎረቤት ሳይተዉ ወጡ። ካልሾት ላይ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ያው የድሮው ጎረቤት ነው። የሚጣላውም የሚታረቀውም ያው ሰው ነው። ስለዚህ ሲመለሱ ያጡት ንብረት እንጂ ሰፈር አልነበረም። በ1963 ሲደርሱ ቅልጡ አለት የሎብስተሩን ፋብሪካና ጀልባ ማሳረፊያውን ውጦ ጠበቃቸው። ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ ቆመው ነበር። ድንች ተከሉ። በ1967 አዲስ ወደብ ተሠራላቸው፤ ካልሾት ብለው ሰየሙት። ያስጠጋቸውን ቦታ አልረሱም፤ ይህ ልቤን ይነካኛል።

ሁሉም ግን እስከ መጨረሻው ቀሩ ብዬ አላጋንን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዳንድ ቤተሰቦች እንደገና እንግሊዝ ሄደዋል። ከነሱም የተመለሰ አለ። አንዴ ሁለት ዓለም ያየ ሰው ልቡ መወዛወዙ የት ይቀራል?

እኔ ከዚህ ታሪክ በኋላ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። አብረውኝ ያደጉ የሰፈር ልጆች ሊድስም ዱባይም አሉ። ለየብቻ «በቅርቡ» ከምንል አብረን ቀን እንቁረጥ እያልን ነው። ማን ምን ይሠራል፣ ልጆቹ የት ይማራሉ፣ ቤት እንዴት እንከራያለን፣ አንድ በአንድ እየተነጋገርን ነው። ሚስቶቻችን ገና አልተስማሙም፤ እነሱ ሳይስማሙ የሚሆን ነገር የለም። ግን ወሬው ተጀምሯል። ከእናንተ መሀል በቡድን ተማክሮ የገባ ካለ እባካችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ። በተለይ የልጆቹን ትምህርት እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።