ቆሮሶዋ፣ ጃካናውና እኛ ወላጆች

(በባሕር ዳር በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን ወላጆች፣ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የባዮሎጂ መምህር ለወላጆች ንግግር አድርግ ሲባል ምን ይዞ ይመጣል? እንስሳ ነዋ! እኔም ይዤ መጥቻለሁ። ከሩቅ ግን አላመጣሁም። አንበሳም ዝሆንም የለበትም። ሁሉም ጣና ውስጥና ዳር ዳሩን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

በቆሮሶ ዓሣ ልጀምር። መቼም ባሕር ዳር ኖሮ ቆሮሶን የማያውቅ የለም። በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አሸዋውን ቆፍሮ ጎድጓዳ ቦታ ያዘጋጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው አፏ ውስጥ ነው። ከተፈለፈለም በኋላ ቶሎ አትለቃቸውም። ሁለት ሳምንት ገደማ እንዲህ ይዛቸው ትቆያለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። እንዴት ትብላ? አፏ በልጆች ተሞልቷል።

ልጆቹ መዋኘት ሲችሉ አፏን ከፍታ ትለቃቸዋለች። አካባቢውን ትንሽ ቃኘት ያደርጋሉ። አደጋ ሲመጣ ተሯሩጠው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ አንድ ቀን መመለሱን ይተዋሉ፤ እሷም አታሳድዳቸውም። የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይችን ነገር ያዙልኝ። ልጁ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ በቀን አሥር ጊዜ እየደወላችሁ «ምሳ በላህ?» አትበሉት።

አባትየውስ? እሱማ ሄዷል። ጉድጓዱን እየጠበቀ ሌላ ሴት ይጠራል። አባቶች፣ ቶሎ አትደሰቱ፤ ገና አልጨረስኩም።

የውሃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመድ፣ ጣቶቹ እጅግ የረዘሙ ወፍ አይታችሁ ይሆናል። በሳይንስ ጃካና ይባላል። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች። የሚታቀፈው ወንዱ ነው። የሚያሳድገውም እሱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ተሸክሟቸው ይሄዳል። ያን ጊዜ የጫጩቶቹ እግሮች ብቻ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ለማያውቅ ሰው ብዙ እግር ያለው ወፍ ነው የሚመስለው።

አሁን ደግሞ ወደ ዘጌ እንሻገር። ገዳማቱ ያቆዩልን ጫካ ውስጥ፣ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር ያለበት ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። ሆርንቢል ነው። ሴቷ የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትዘጋዋለች። ጭቃውን የሚያቀርብላት ባሏ ነው። ምንቃር ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ ቀዳዳ ትቀራለች። እናትየዋ እዚያ ከ3 ወር በላይ ትቀመጣለች። አባትየው ሾላውን ከጉሮሮው አንድ በአንድ እያወጣ ያጎርሳታል፤ ሲያልቅ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እሱ አንድ ነገር ከሆነ እሷም ጫጩቱም አደጋ ላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ የማወራው «ልጅ ማሳደግ የሴት ተፈጥሮ ነው» የሚለው አባባል ስለሰለቸኝ ነው። የትኛው ተፈጥሮ? የቆሮሶው ነው የጃካናው? ደግሞስ ከእንስሳ ሕግ አንቀዳም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት የምናያቸው ጉማሬዎች እናቶቻቸው ልጅ ሲወልዱ ከመንጋው ገለል ይላሉ። ወንድ ጉማሬ አንዳንዴ ግልገል ይገድላላ! ተፈጥሮ ነው ብለን እሱንም እንከተል?

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የሚያሳድገው ወላጅ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ የሚወደውን ነገር ያቆማል። ቆሮሶዋ መብላት አቆመች። ሆርንቢሏ መብረር አቆመች። ስለዚህ ልጄን እወዳለሁ የሚል ወላጅ ሲያጋጥመኝ በልቤ የምጠይቀው ምን ገዛህለት ብዬ አይደለም። ምን አቆምክለት? ነው።

ከንጋት እስከ ምሽት ባጃጅ የሚነዳ አባት ይህን ሰምቶ ይከፋው ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ወንዱ ሆርንቢልም ውጭ ውጭውን የሚለፋ አባት ነው። ግን ፍሬውን በሰው አይልክም። ራሱ ይመጣል፣ ቀዳዳዋ ጋ ቆሞ ያጎርሳል።

እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አዳራሹን የሞሉት እናቶች ናቸው። የልጆቹን ደብተር የሚፈርሙትም እነሱ ናቸው። እናቶቼ፣ እግዜር ይስጥልን። አባቶች ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሥራ ሳትወጡ በማለዳ ብትመጡ እኛ መምህራን ቀድመን እንጠብቃችኋለን። ደብተሩን ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ።

አመሰግናለሁ።